ማላኪ እና ሁለቱ ማልያዎች

ባሌ ማላኪ ሄፈርናን ብዙ የሚወራለት ሰው አልነበረም። ጥቂት ላሞች፣ ውኃ የሚተኛበት አንድ ማሳና የማይታዘዝ አህያ ነበሩት። ከዚህ ሌላ የነበረው ነጭ ጋዋን ነው። እሑድ እሑድ እሱን ለብሶ ከግቡ ቋሚ አጠገብ ሲቆም ትከሻው ይሰፋ ነበር። አንዳንዴ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሳየው፣ “ይሄ ደግሞ የማነው?” እላለሁ በሆዴ።

በሀርሊንግ፣ በዱላ በሚጫወቱት ያገራችን ጨዋታ፣ ዳኛው የግብ ዳኞቹን ራሱ መርጦ ነው ይዞ የሚመጣው። አራት ናቸው፣ በየግቡ ሁለት ሁለት። ማንም አይሾምለትም። ታዲያ ሰው የሚያምነውን አይደል የሚይዘው? ወንድሙን፣ ጎረቤቱን፣ አማቹን ሰብስቦ በአንድ መኪና ይመጣል። ወንድሜ ኮልም ዳኛ ስለነበር ማላኪን ይዞት አገር ላገር ዞረ። ጥንጓ፣ ያቺ በቆዳ የተሰፋች ትንሽ ኳስ ማለቴ ነው፣ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ ናት፣ ነጭ ባንዲራ ያነሣል። ከሥር መረቡ ውስጥ ከገባች አረንጓዴውን። ወደ ውጭ ከወጣች ደግሞ መጨረሻ ላይ የነካት ማን እንደሆነ መናገር አለበት። አጥቂው ከሆነ ምንም የለም፤ ተከላካዩ ከሆነ ግን አጥቂዎቹ ከሰባ ያርድ ላይ ነጻ ምት ያገኛሉ። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማላኪ ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር።

እኔ ያወቅሁት በተጋባን በዓመቱ ነው። የገበያ ቀን ነበር። አክስቴ የላከችልኝን ቀይ ካፖርት ለብሼ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ጋሪውን እየነዳ መጣና አልፎኝ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ መጣ፣ አሁንም አለፈኝ።

“አንተ ሰውዬ! ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?” ብዬ ጮኽሁ።

“ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥቋጦ መስለሽኝ እኮ!”

ሚስቱን ቁጥቋጦ ያለ ሰው እራት ይበላል? ማታ ላይ ግን ነገሩን ዘርዝሮ ነገረኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። “ለማንም እንዳትናገሪ፣ ኡና። ለኮልም ደግሞ በተለይ” አለኝ።

እኔን ግን የእሱ ነገር ዕረፍት ነሣኝ። እንዴት ነው የሚዳኘው? ብጠይቀው፣ “ልብስ ማን ያያል? ሰውን ነው የማየው” ይለኛል። ተጫዋቾቹ ከመኪና ሲወርዱ ቀድሞ ሄዶ ይቆማል። አንዱ ግራ እግሩን ይጎትታል፣ አንዱ ካልሲውን ሲስብ ይውላል፣ አንዱ ዱላውን ሲይዝ ክርኑን ያወጣል። ጨዋታው ሳይጀመር ተከላካዩን ከአጥቂው ለይቶ ይጨርሳል። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ልፈትነው ብዬ ሕዝቡን ከኋላ አሳየሁት። የሰውን ሁሉ ስም በአረማመዱ ጠራልኝ። የቄሱን የቤት ሠራተኛ ብቻ ሳተ፤ ለካ የእኅቷን ጫማ ተውሳ ኖሯል።

“ደግሞም ጥንጓን የነካት ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ያልነካት ጥንጓን ያያል” አለኝ።

የእኛ አውራጃ ለብሔራዊው ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ጎረቤቶቻችን፣ “እናንተ ፍጻሜ የምትደርሱት ፊሽካ ይዛችሁ ነው” እያሉ ይስቁብናል። አንድ ክረምት ታዲያ እውነትም ፊሽካው ደረሰን። ኮልም መጥቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክራታል።

“ማላኪ፣ ክሮክ ፓርክ፣ ትልቁ ሜዳ ልንገባ ነው” አለ። “ፍጻሜውን ሰጡኝ።”

“እሰይ! እነማን ናቸው የሚጫወቱት?”

“ቀዮቹና አረንጓዴዎቹ።”

ሻይ ልቀዳ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ማላኪ ግን፣ “ጥሩ ጨዋታ ነው” ብሎ ዳቦውን ቅቤ መቀባቱን ቀጠለ።

ኮልም ሲወጣ፣ “ንገረው” አልኩት።

“ብነግረው ይተወኛል። በዕድሜዬ አንዴ የመጣ ነገር ነው፣ ኡና።”

“ብትሳሳትስ?”

“ብሳሳት የሚጠፋው የኮልም ስም ነው። እሱን ነው የምፈራው። የእኔንማ ማን ያውቀዋል።”

ከዚያ ወዲያ የሁለቱን ቡድኖች ፎቶ ከጋዜጣ እየቀደደ በረቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ጀመር። ላም እያለበ ፊታቸውን ያጠናል። “ጋዜጣ ደግ ነው፣ ሰውን ሁሉ እንደ እኔ አድርጎታል። ቀይ የለ፣ አረንጓዴ የለ” ይላል። እኔም ገብቼ፣ “ይሄስ? ይሄኛውስ?” እያልኩ እጠይቀዋለሁ። ላሚቱ ሳትቀር ታውቃቸው ነበር።

በፍጻሜው ቀን ከጎረቤቴ ከዴሊያ ጋር በባቡር ሄድን። የአሳማ ሥጋ የገባበት ዳቦ በወረቀት ጠቅልለን፣ ሻይ በጠርሙስ ይዘን፣ እሱ ከሚቆምበት ግብ ጀርባ ቦታ አገኘን። ያን ያህል ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ማላኪ ጋዋኑን ለብሶ ሲመጣ አጠገባችን የነበረ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ፣

“አንተ ነጭ ለባሽ! ወተት ልትሸጥ ነው የመጣኸው?” ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማላኪ ዞር አላለም።

“ተያቸው። ባልሽ ጳጳስ መስሏል” አለችኝ ዴሊያ።

ጨዋታው እሳት ነበር። የዱላው ድምፅ እንጨት እንደሚፈልጡ ሰዎች ነው፤ ያኔ የራስ ቁር የሚያደርግ የለ፣ ፊታቸው ሁሉ ይታያል። ከዕረፍት በኋላ ቀዮቹ ወደ እኛ ግብ ማጥቃት ጀመሩ። ማላኪ አልተሳሳተም። እየቆየሁ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ። ሊያልቅ ሲል አረንጓዴዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ተጫዋች ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተው ወደቁ። ሁለቱንም ደግፈው አወጧቸው። በምትካቸው ሁለት አዲስ ልጆች እየሮጡ ገቡ፤ ማላኪ ደግሞ ያን ሰዓት ጎንበስ ብሎ የተቀደደ መረብ እያሰረ ነበር። ቀና ሲል ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከየት በኩል እንደገቡ አላየም። በረቱ ግድግዳ ላይም አልነበሩም። እኔ ማን ማን እንደሆነ ከማልያቸው አያለሁ፤ እሱ ግን አያይም።

“እመቤቴ ማርያም” አልኩ።

“ምን ሆንሽ?” አለች ዴሊያ። ክንዷን ጨምድጄ ይዣት ኖሯል።

ጥንጓ ከላይ መጣች። ሁለቱ አዲሶች አብረው ዘለሉ፣ ዱላ ከዱላ ተጋጨና ጥንጓ ከማላኪ ቋሚ በስተውጭ ወጣች። ሁለቱም እጃቸውን አነሡ፤ እያንዳንዱ “እሱ ነው የነካት” ይላል። በወዲያኛው ቋሚ ያለው የግብ ዳኛ በረኛው ጋርዶት ምንም አላየ። ኮልም እየሮጠ መጣ። ማልያውን ያያል፣ ዱላዎቹ ሲጋጩ ግን ከሩቅ ነበር።

ማላኪ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው። ማላኪም አንድ ነገር መለሰለት። አጭር ነገር ናት፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ኮልም ቀና ብሎ ልጆቹን አየ፣ ከዚያ መልሶ ማላኪን አየ። ሲያየው ቆየ። ወዲያው እጁን ወደ ሰባው መስመር ዘረጋ። ነጻ ምት ለቀዮቹ።

“ዕውር!” አለ ባለ ኮፍያው። “ሰውየው ዕውር ነው! ባንዲራውን ለውሻ ስጠው!”

ሳያውቀው እውነቱ አጠገብ ደርሶ ነበራ።

ቀዩ መቺ ከሰባ ያርድ አንሥቶ መታት፤ ተንሳፍፋ መሃል ለመሃል አለፈች። ነጩን ባንዲራ ያነሣው ራሱ ማላኪ ነው። ፊሽካው ተነፋ፣ እኩል ለእኩል። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሊጫወቱ ሆነ። ድጋሚውንም ለኮልም ሰጡት።

ኮልም ማክሰኞ ዕለት መጣ። ማላኪ በረት እየጠረገ ነበር፤ እኔ ባልዲ እያጠብኩ። ኮልም በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አያቸው።

“ማላኪ።”

“አቤት።”

“ኳሷ የማን ናት ስልህ ቀይ ወይ አረንጓዴ ማለት ነበረብህ። ለምንድነው ‘ጆሮ ትልቁ ነካት’ ያልከኝ?”

“ጆሮው ትልቅ ስለነበረ ነዋ።”

“ማልያ ለብሶ ነበር እኮ!”

ማላኪ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። “ቀዩና አረንጓዴው ለእኔ አንድ ናቸው፣ ኮልም። ድሮም እንደዚሁ ነው።”

ኮልም ወተት ማለቢያዋ በርጩማ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። “ይህን ሁሉ ዘመን?”

“ይህን ሁሉ ዘመን።”

ወደ እኔ ዞረ። “አንቺስ ታውቂያለሽ?”

“ባሌ አይደል እንዴ” አልኩት።

ተቆጥቶ ነበር፤ አንገቱ ሲቀላ አውቃለሁ፣ ወንድሜ ነው። ግን ቁጣው ብዙ አልቆየም። ኮልም ከልጅነቱ ሰዓት ፈትቶ ውስጡን የሚያይ ሰው ነው።

“ሣሩስ ምን ይመስልሃል?” አለ።

“ሣር።”

“ቀዮቹስ?”

“የደረቀ ሣር።”

ኮልም ሊስቅ ከጅሎት አፉን ያዘ። “ታዲያ እንዴት አወቅህ?”

“ሁለቱም እጃቸውን አንሥተው ነበር። አንደኛው ጥንጓ የሄደችበትን ያያል፤ ጆሮ ትልቁ እኔን ያያል።”

“ጨዋታው ሲያልቅ ያ ጆሮ ትልቅ ልጅ መጥቶ ጨበጠኝ። ‘ነክቻት ነበር’ አለኝ” አለ ኮልም።

“ደግ ልጅ ነው” አለ ማላኪ። ከዚያ ጋዋኑን ካንጠለጠለበት አውርዶ አጣጥፎ ለኮልም ሰጠው። “ለድጋሚው በእኔ ቦታ ጎረቤታችንን ጄሪን ውሰድ። ሰው ከሰማ ስምህ ይበላሻል።”

“ጄሪን?” አለ ኮልም። “ጄሪ ቀለም ሁሉ ይለያል። ሌላ ምንም ነገር አያይም።” ጋዋኑን መልሶ ማላኪ ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት። “ስማ፣ አንተ ሰውየውን ንገረኝ። ቀለሙን ለእኔ ተወው።”

ማላኪ መጥረጊያውን አንሥቶ የጠረገውን ቦታ ደግሞ ጠረገ።

የድጋሚው ቀን እኔ ቤት ቀርቼ በሬዲዮ ሰማሁ። ቀዮቹ ገና ከዕረፍት በፊት ነገሩን ጨርሰውት ነበር፤ አረንጓዴዎቹን እንደ ጎመን ከተፏቸው። ማታ ማላኪ ሲገባ ሮጬ፣ “እህሳ? ኮልም ምን ጠየቀህ?” አልኩት።

“ምንም” አለኝ። “ሙሉ ቀን አንዲት የምታጠራጥር ኳስ አልመጣችም።”

ፊቱን አኮሳትሮ ነበር። ጋዋኑን እንደለበሰ ላሞቹን ሊያይ ወጣ።