ከመተኮስ ቀጥሎ የተጻፈው ቃል

ጦርነቱ ካርቱም ሳይገባ በፊት ነው። አል-ማንሺያ ሰፈር አራት ዓመት ያገለገልኳት መዳም ሥራዋን የለቀቅሁ ዕለት አለቀሰች። በእንግሊዝኛ የጻፈችልኝን የምስክር ወረቀት እጄ ላይ አድርጋ፣ «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይህን ይዘሽ የትም ብትሄጂ ይቀበሉሻል» ብላ ሳመችኝ። እኔም ሞኟ አብሬያት አለቀስኩ።

የምፈልገው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ካሉት የፈረንጅ ቤቶች አንዱን ነበር። እዚያ ሠራተኛ ሲመሽ ወደ ቤቷ ትገባለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ የምታድገው ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን፣ ከአባቷ እናት ዘንድ ነው፤ የማያት ዓርብ ዓርብ ብቻ። እንዲህ ያለ ሥራ ካገኘሁ ግን ክፍል ተከራይቼ እናትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን።

ወረቀቱን ያነበበችልኝም እሷው ናት። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ጀምራለች። «ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች» አለችና አራተኛው ላይ ቆመች። «ፒልፈር... ይህን አላውቀውም፣ ወላሂ።»

ተማሪ የማያውቀው ቃል መቼም ትልቅ ሙገሳ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወረቀቱን ገበያ ወስጄ በላስቲክ አስለበጥኩት። በየቤቱ ስቀርብ ጣቴን እዚያ ቃል ላይ አሳርፌ ነበር የማሳያቸው። አንብበው ቀና ይሉና ቦርሳዬን ያያሉ። «እንደውላለን፣ ኢንሻአላህ።» ስድስት ቤት ዞርኩ፤ አንድም ሰው አልደወለ።

አንድ ዓርብ ልጄ መዝገበ ቃላት ተውሳ ጠበቀችኝ። ቃሉን ፈልጋ በዐረብኛ የተጻፈውን አነበበች።

«ምን ይላል?»

«እማ... ሐራሚያ ነው። ግን ትልቅ ሌባ አይደለም። ከቤት ውስጥ፣ ሽወያ ሽወያ፣ ጥቂት በጥቂት የምትሰርቅ።»

የእጅ አመል አለባት ማለት ነዋ! ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ትሰርቃለች! ባንክ የዘረፈ ሰው እንኳ በዚህ ቃል አይጠራም። ቁንጥር ስኳር፣ ቁራጭ ሳሙና ለሚወስድ፣ ለእኛ ለሠራተኞች በልካችን የተሰፋ ቃል ነው። ደሜ ፈላ። ሐሙስ ሐሙስ ስኳሩንና ሳሙናውን በገዛ እጇ ቋጥራ «ሺሊ፣ ውሰጂ ለልጅሽ» የምትለኝ ማን ሆነና? መዳም አትሂጂብኝ ብላ ስንት ቀን ለምናኝ ነበር። እምቢ ስላት በሩን ሁሉ ዘግታብኝ ወደ እሷ እንድመለስ ጠበቀች። የእኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው፣ ሌላ ምን ልበል። ስድስቱን ቤት ሌባ ነኝ እያልኩ የዞርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

«ሰጥታኝ ነው» አልኳት ልጄን። «ወላሂ፣ ራሷ ሰጥታኝ ነው።»

«እሺ» አለች፤ ዓይኗ ግን ከወረቀቱ አልተነሳም። ከቦርሳዬ አንድ እሽግ ብስኩት አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ አገላበጠችው፤ አልከፈተችውም።

«እማ» አለችኝ፣ «ይህስ ከየት ነው?»