ትልቁ ጉርሻ

ፓስተር፣ ማይኩን ወዲህ በል፤ አይተህ እንዳላየህ አትሁን! «እማማ ወርቄ ከያዘች አትለቅም» እያልክ ስትዘለኝ ከረምክ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር አልቀመጥም። ሃሌ ሉያ በሉ! እንዴ፣ ቁርስ አልበላችሁም? ጮክ በሉ እንጂ! ሃሌ ሉያ!

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ድሮ እግሬ አያርፍም ነበር። ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግረን ወድ ኤል ሒለው ወንዙ ዳር ገባን። ከዚያ ኡም ጋርጉር ካምፕ፣ ከዚያ እዚህ ገዳሪፍ። መጀመሪያ ያሰደደን ጦርነት ነው። በኋላ ግን እኔን ያባረረኝ የሰው ዓይን ነው፤ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ወድ ኤል ሒለው ሳለን የበኩር ልጄ ካሳ ድንገት ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ዝልፍልፍ ብሎ ሞተብኝ። ኡም ጋርጉር ስንገባ ታናሹ ተስፋዬም እንደዚያው። ሴቷን፣ አልማዝን ግን ምንም አልነካት። ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ እየተኙ፣ ወንዶቹ ብቻ! ዓይን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጎረቤት እጠረጥራለሁ፣ ዕቃዬን እጠቀልላለሁ። ክታቡ ከመብዛቱ አንገቴ ሊጎብጥ ምንም አልቀረው።

አልማዝ አግብታ ሜሮንን ወለደች። ሜሮን ጎበዝ ናት፣ ካርቱም ጃምዓ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች። «ምንድን ነው የምትማሪው?» አልኳት። «ዳታ ሳይንስ» አለችኝ። «የብዙ ቤተሰብ ደም ተመርምሮ ውጤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ እኛ ማን ከማን ምን በሽታ እንደወረሰ በስሌት እናጣራለን።»

«ለሐሜት ነው እንዴ ካርቱም ድረስ የሄድሽው? እኔ እዚሁ በነጻ አስተምርሽ አልነበር!»

እዚያው በጌታ አመነች። ለዕረፍት በመጣች ቁጥር «እማማ፣ ኢየሱስ ያሳርፍሻል» ትለኛለች። «መጀመሪያ ጫማ ይግዛልኝ፣ ይሄ አልቋል» እላታለሁ። እንዲህ ነበርኩ እንግዲህ። ጌታ ግን ታገሰኝ፣ ስሙ ይባረክ!

የሜሮን ታናሽ ወንድም ናትናኤል ያኔ ትንሽ ልጅ ነው። አንድ ጁምዓ ቁጭ ብለን ፉል በላን። ፉል ያው ባቄላ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ማን ሳይበላው ይውላል? እኔው አጎረስኩት። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ባየው ቢጫ! ጎረቤታችን ሐሊማ፣ ባለሱቋ፣ በዚያው ሰሞን «ማሻአላህ፣ እንዴት አምሮበታል!» ብላው ነበር። «እሷ ናት» አልኩና ልጁን በነጠላ ጠቅልዬ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ያለው ክታብ ጻፊ ጋ ልሮጥ ተነሳሁ። ለዕረፍት የመጣችው ሜሮን በሩ ላይ ቆመች።

«ሽንቱ እንዴት ነው?»

«እንደ ሻይ።»

«አጎቶቼም እንዲህ ነበሩ?»

«እንዲሁ!»

«ምን በላ?»

«ዓይን ነዋ የበላው!»

«እማማ! እሱ ምን በላ ነው የምልሽ!»

«ፉል ነዋ፣ እንደ ሰው ሁሉ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ሐሊማ! ራክሻውን!» ብላ ጮኸች። የሐሊማ ባል ባለሦስት እግሩን አስነስቶ ሆስፒታል አደረሰን። ያቺው የጠረጠርኳት ሴት፣ ልጁን እቅፏ ላይ አድርጋ!

ሐኪሙ አየውና «ያ ሐቦባ፣ አያትዬ፣ ደሙ እየፈረሰ ነው። ደም እንሰጠዋለን። ሁለተኛ ፉል እንዳይቀምስ። ብትዘገዩ ኖሮ አታገኙትም ነበር» አለኝ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ። ነርሷ «ሐቦባ፣ ተቀመጪ፣ ሲሚንቶውን ጨረስሽው» ትለኛለች። ሜሮን ትጸልያለች፣ ደሙ ይንጠባጠባል። ልጁ ቀስ በቀስ ፊቱ ተመለሰ። ተመስገን! ጌታ ይመስገን!

ቤት ስንገባ ሜሮን ባቄላና ማሽላ ዘግና መሬት ላይ ደረደረች። ባቄላው ወንድ፣ ማሽላው ሴት። «ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው» አለች። «ሴቷ ትይዘዋለች፣ ብዙ ጊዜ አያስታውቅባትም። የወረሰው ወንድ ግን ፉል ሲበላ ይታመማል። ይቺ አንቺ ነሽ። ይቺ እናቴ…» ስትል ዶሮዋ መጥታ አልማዝን ቀለብ! «እናቴን!» ብላ ስታባርራት በሳቅ ሞትን።

«ከእኔ ነው የመጣው በይኛ» አልኳት።

«አፍንጫዬን እዪው፤ ያንቺ ነው። አስበሽ ሰጠሽኝ?»

«ባስብበትማ የተሻለ እሰጥሽ ነበር።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቄ ተቆረጠ። ቅዱሳን፣ ካሳንና ተስፋዬን በዚህ እጄ ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ። ወንድ ናቸው ብዬ ትልቁን ጉርሻ ለእነሱ። ከየጎረቤቱ ስሸሽ ኖሬ ለካ ፉሉ አብሮኝ ይዞር ነበር። ብድግ አልኩ፣ ልሄድ። ግን ከጎረቤት ይሸሻል፤ ከገዛ እጄ ወዴት ልሽሽ?

«ሜሮንዬ» አልኳት፣ «ያ የሚያሳርፈው ጌታሽ እጅም ያሳርፋል?»

እጄን ያዘችው። «ለራሱ ንገሪው» አለችኝ።

«ጌታ ሆይ፣ ወድጃቸው ነው። አላወቅኩም። እጄን አንተ ያዘው፣ እኔ ከበደኝ። እኔንም ውሰደኝ፣ ያንተ ልሁን» አልኩት። መብረቅ አልወረደም፣ አልዋሻችሁም። እግሬ ብቻ ቆመ። ቁጭ አልኩ። አልማዝ ከገበያ ስትገባ ቁጭ ብዬ አይታኝ «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ሃሌ ሉያ!

ክታቡን በጥሼ ጣልኩ። ሐሊማ ጋ ሄጄ «አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» ብላት «አውቃለሁ፤ ደጄ ላይ ጨው ስትበትኚ አይቼሻለሁ። ጨው ሲወደድ ደግሞ ጨምሪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት አልቀየርኩም።

ልጁ ቢጫ የሆነባት እናት ካለች ጎረቤት አትጠርጥር፤ ሐኪም ጋ ትሩጥ፣ እየሮጠችም ትጸልይ። እግሩ አላርፍ ያለው፣ እጁ የከበደው ሰው ካለ ደግሞ ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል። ይህ ጌታ ይታመናል፤ እኔን ያስቀመጠ ማንንም ያስቀምጣል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርታኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንንም አጉርሼ አላውቅም። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ፉል እንዳለ ሽታው ነግሮኛል፤ እናንተ ብሉ። እኔ ከቤት ምስር ይዣለሁ። ናቲ፣ ምን ትሽኮረመማለህ፣ ጢም አበቀልኩ ብለህ ነው? ና ወዲህ፣ አፍህን ክፈት። ትልቁ ጉርሻ ያንተ ነው።