የጎረቤታችን ጥሪ

ዝናብ የመታው የጤፍ ነዶ ሲሸተኝ፣ ጅጋ አጠገብ ጎረቤታችን የነበረው አያ ደምሴ ትዝ ይለኛል። በወንፈል አባቴ መጀመሪያ የእሱን ጤፍ አጨደለት። የእኛ ተራ በደረሰበት ጠዋት ግን፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ፣ አያ ደምሴ ያለ ማጭድ መጣ።

«እግዜር ቆላ ወርደህ ስበክ ብሎኛል።»

«ዛሬውኑ?» አለች እናቴ።

«እሱ ሲጠራ ቆይ አይባልም።»

አባቴ ማጭዱን መሳሉን ሳያቋርጥ፣ «ያንተ ጤፍ እስኪከመር ግን ታግሶሃል። ደግ አምላክ ነው!» አለው።

አምላክን ያመሰገነ መስሎኝ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኩሌታው ጤፋችን ማሳው ላይ በሰበሰ። ሰባኪው ቆላ ሳይወርድ ቡሬ እህቱ ቤት ከረመ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ ስለ መታዘዝ ያስተምራል። ባለፈው ሳምንት አየኝና፣ «አባትህ አሁንስ ለእግዜር ጊዜ አገኘ?» ሲል ጠየቀኝ።