የጋሼ ደበላ ዓሣ

ትናንት በሁዳዴ ጎፋ ላይ የዓሣ ጥብስ ሸተተኝና የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደበላ ትዝ አሉኝ። በሐይቅ ዳር ከተማቸው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር መሪ ነበሩ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ዓሣውን ራሳችን አዲስ አበባ እንሽጥ ብለው አባላቱን አሳመኑና ሁሉንም በበረዶ ጭነው መካኒሳ አቦ እኛ ቤት መጡ።

«ጾም ነው፣ ሥጋ የለም፤ ይሻሙታል» አሉ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። «በሁዳዴ ዓሣ? ሊያስገድፉን ነው እንዴ የመጡት?»

ማንም አልገዛም። በሦስተኛው ቀን በረዶው አለቀ። ጋሼ ጓሯችን ውስጥ ዓሣውን እየቀበሩ አባቴን፣ «ያመኑኝን ሰዎች በምን ፊቴ አያቸዋለሁ?» አሉት። እኔ ሽታው ያሳፈራቸው መስሎኝ ሳሙና አመጣሁላቸው።

አልተመለሱም፤ ፉሪ ዘበኛ ሆነው ቀሩ። ስለ ሐይቁ ስንጠይቃቸው፣ «የቱ ሐይቅ?» ይሉን ነበር።