በቦንጋ ሱቆች የወንድሜን ፊት ስፈልግ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ቦንጋ ድረስ የሚያስኬደኝ አንድ ሥዕል ነው። ወንድሜ ተስፋሁን እዚያ የሥዕል መምህር ነበር፤ ግንቦት ላይ ወባ ገደለው። አስከሬኑ ታሽጎ ስለመጣ እናታችን ፊቱን ሳታይ ቀበረችው። ቤት ያለው ፎቶግራፍ ገና ተማሪ ሳለ የተነሳው ነው። እማዬ እሱን ስታይ፣ «ይሄ ልጅ ነው። እኔ የቀበርኩት ትልቅ ሰው ነው» ትላለች።

ከመታመሙ በፊት ደውሎ፣ «ራሴን ስያለሁ፣ ከነጢሜ። ቦንጋ ሱቅ ውስጥ ተሰቅዬላችኋለሁ» ብሎ አስቆን ነበር። ጢም ማሳደጉን እንኳ ያን ቀን ነው የሰማነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የመስቀል ሥራ ጋብ ሲልልኝ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ወጣሁ።

ጅማን አልፎ

አዲስ አበባ አድሬ፣ በማግስቱ ጅማ ገባሁ። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄደው አውቶብስ ጠዋት ሞልቶ ነበር የተነሳው። አጠገቤ የተቀመጡት ከዕረፍት የሚመለሱ የጤና ባለሙያ ነበሩ። ቁልቁል ወርደን ጎጀብ ወንዝ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሰውዬው መስኮቱን እየዘጉ፣ «ይሄ ቆላ ነው። ወባው እዚህ ነው ያለው» አሉኝ።

ተስፋሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊሥል ይወርድ የነበረው እዚሁ ነው። ሣሩን፣ ወንዙን፣ ርቀው የሚታዩትን ዛፎች አየሁ። ያምራል። ማማሩ አናደደኝ።

ከጊምቦ በኋላ ዝናብ ጀመረ። እኛ ዘንድ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ እዚህ ግን ዝናቡ የሚሄድበት ቀን የታወቀ አይመስልም። ጫካው መንገዱን ከሁለት በኩል ይዞታል፤ አውቶብሱ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ነው ኮረብታው ላይ ያለችው ቦንጋ የደረሰው።

የእትዬ ዘይነባ ሱቅ

አልጋ ይዤ፣ ጎመንና ቆጮ በልቼ፣ ሱቆቹን መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የድሮ ጦርና ጋሻ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ክንድ የሚሞላ የነሐስ አምባር ይሸጣሉ። አንዱን አምባር አንስቼ ዋጋውን ስጠይቅ የሁለት ወር ገቢዬን ጠሩልኝ። «ማን ይገዛዎታል?» አልኳቸው። «ማንም» አሉ። «ባለቤቶቹ ሲቸግራቸው ያመጡታል። ከዚያ እዚህ ይቀመጣል።» ስለ ሥዕሉ ስነግራቸው ወደ ታችኛው መንገድ ጠቆሙኝ።

እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው ቦንጋ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው የሠርግ ቤት ይመስላል፤ በሐር የተጠለፈ ቀሚስ፣ ባለ ወርቀ ዘቦ ካባ፣ በመስታወት ሥር የብር ድሪ። ከዚህ ሁሉ ላይ የእርጥበት ሽታ ይመጣል። የተስፋሁን እህት መሆኔን ስነግራቸው ከመደርደሪያው ኋላ ወጥተው አቀፉኝ።

«እዚህ ነበር የተሰቀለው» አሉ፣ ከካባዎቹ በላይ ያለውን ባዶ ምስማር እያሳዩኝ። «ገበያተኛው፣ ‹ይህ ባለ ጢም ማነው? ልጅዎት ነው?› ይለኛል። አዎ እል ነበር። ምን አለበት?»

«አሁን የት ነው?»

«አድማሱ ወሰደው። አብረው የሚሥሉ ጓደኛው ነው። ሲሞት ሥዕሎቹን ሁሉ ሰብስቦ ጋለሪያቸው አስገባ። አልከለከልኩትም ልጄ፣ ከሱ የቀረበ ሰው እዚህ አልነበረውም።»

ጋለሪው

ጋለሪ የሚሉት ከአንድ ሆቴል ጎን የተከራዩት ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ቡና ነው፤ የቡና ቅርንጫፍ፣ ቀይ የቡና ፍሬ፣ ቡና የምትለቅም ሴት። አድማሱ ረጅም የቦንጋ ልጅ ነው፤ ማን እንደሆንኩ ሲሰማ ብሩሹን አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ሌሎቹን የተስፋሁን ሥዕሎች አወጣልኝ። ወንዝ፣ ድልድይ፣ ጭጋግ ናቸው። የሰው ፊት የለባቸውም።

«የራሱስ?»

«ተሸጠ እትዬ። ፈረንጆች ገዙት። ሄዱ።»

አመንኩት። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለእማዬ የምላትን ስፈልግ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ቆሜ የጅማ አውቶብስ ስጠብቅ አድማሱ በዝናብ ረጥቦ መጣ።

«አልተሸጠም» አለኝ። «ማለቴ ተሸጧል። ግን እሱ ሆኖ አይደለም። በላዩ ላይ ቡና ሥዬበት ነው የሸጥኩት።»

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ የያዝኩት ቦርሳ ከበደኝ።

«ሸራ አልቆብኝ ነበር። ሸራ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ክረምቱን ሙሉ የገዛኝ ሰው የለም። ሺሺንዳ ያሉ ባለ ምግብ ቤት ትልቅ የቡና ሥዕል አዘዙኝ።» ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እሱም ብቻ አይደለም። ፊቱ ፊት ለፊቴ ነበር። እያየኝ መሥራት አቃተኝ» አለ።

ልመታው ፈልጌ ነበር። የሺሺንዳ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቅኩት።

ሺሺንዳ

በውሽውሽ የሻይ ተክል በኩል፣ በጭቃ መንገድ፣ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ተቀምጠን ሄድን። ሺሺንዳ ገበያ ነበር፤ ቆጮና ማር የያዙ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ምግብ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነው። ሥዕሉ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ተሰቅሏል፤ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ ፍሬ፣ ከየትኛውም የቡና ሥዕል የማይለይ። ቀርቤ ከጎን ሳየው ግን ቅጠሉ ሥር ወፍራም ቀለም አለ። በጣቴ ዳሰስኩት። የአፍንጫውን መስመር አገኘሁት።

አድማሱ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለወይዘሮ በላይነሽ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሴትዮዋ ሥዕሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«የሞተ ሰው ከኋላዬ ሰቅዬ ነው ለካ ሰው ሳበላ የከረምኩት» አሉ፤ ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱት። አድማሱ ሌላ እንደሚሥልላቸው ሲነግራቸው፣ «ቡና አልፈልግም። ከሥሩ ምንም የሌለው ነገር ሥራልኝ» አሉት።

ከቡናው ሥር

ቦንጋ ተመልሰን ጋለሪው ውስጥ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኛነው። አድማሱ ጥጥና የቀለም ማቅጠኛ አመጣ።

«የሱ ቀለም በደንብ ደርቆ ከሆነ የኔ ብቻ ይለቃል። ካልደረቀ አብሮ ይሄዳል። እዚህ አገር ደግሞ ቶሎ አይደርቅም» አለኝ። «እርስዎ ይወስኑ።»

ምን ብዬ ልወስን? ዝም ብዬ ብወስደው እማዬ የምታየው ቡና ነው። «ከታች ጀምር» አልኩት።

አረንጓዴው በጥጡ ላይ ወጣ። ከሥሩ ሰማያዊ ታየ፤ ኮሌታ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ፣ ቁልፉ ሳይቀር። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። አድማሱ፣ «እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው» እያለ ወደ ላይ ቀጠለ። አንገቱ መጣ። ከዚያ ጢሙ፤ ጥቁር፣ ሳሳ ያለ፣ አባታችን የነበረው ዓይነት። ያን ጢም በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ጥጡ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ቡኒ ሆኖ ተመለሰ። ከሥሩ የወጣው ነጭ ሸራ ነበር።

«አቁም!» ጮህኩ።

አድማሱ እጁን አነሳ። ከንፈር የለም። ጢምና ኮሌታ፣ ከነሱ በላይ ነጭ ጠባሳ፣ ከዚያ በላይ ቡና። ዓይኖቹ ከቅጠሉ ሥር ናቸው፤ ማናችንም አናወጣቸውም። አድማሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አልተናደድኩበትም። ቁጣዬን ሺሺንዳ መንገድ ላይ ጨርሼው ይሁን አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቤት

እትዬ ዘይነባ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው ሸኙኝ። መልሱን መንገድ ዝናብ እንዳይነካው ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝኩ። ስነሳ ወንድሜ ብቻውን የሞተ ይመስለኝ ነበር። ብቻውን አልነበረም፤ የሱቅ እናት ነበረችው፣ ፊቱን ማየት ያቃተው ጓደኛ ነበረው። ይህን ማወቅ ያጽናናል ይባል ይሆናል። እኔን ሐዘኑን ነው ያሰፋብኝ፤ ሌሎችም ያጡት ሰው መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሥዕሉን ተቀብላ ብዙ አየችው፤ ጢሙን በአውራ ጣቷ ነካች። «ያባቱን ነው ያወጣው» አለች።

ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቃት፣ «ልጄ ነው» ትላለች። ሰዉ ቡናውን ያያል፣ ጠባሳውን ያያል፣ ከዚያ ዞሮ እኔን ያያል።

«አዎ» እላለሁ። «እሱ ነው።»