የሌለችው እናት

ዲላ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ቪዲዮ ቤት፣ ማይክራፎን ይዞ የውጭውን ፊልም በአማርኛ የሚተርከው ዳምጠው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አፉ አልደከመም። እንግሊዝኛውንም የለመደው ከዚያው ከፊልሙ ነው፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል፣ ማን ነቅቶበት! ከፊተኛው አግዳሚ የማይጠፋው ፊሊጶስ ዓይነ ስውር ነው። ለእሱ ፊልም ማለት ዳምጠው ነው።

ዘንድሮ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፈይሰል ግድግዳ የሚያክል ስክሪንና ደረት የሚደልቅ ድምፅ ማጉያ አስገባ።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ከእንግዲህ ፊልሙ ራሱ ይናገራል። ቅዳሜ የመጨረሻህ ናት» አለው።

የቅዳሜው ፊልም የጠፈር ነበር። ምኑ ይወራል! መርከብ ይፈነዳል፣ ከተማ ይፈነዳል፣ ፈንድቶ ያለቀው ተመልሶ ይፈነዳል። ወጣቱ ያፏጫል፣ ያጨበጭባል። ዳምጠው ግን አንጀቱ አረረ። ይህን ሁሉ ሀብት ለእሳት ያፈሰሰ ሰው እንዴት አንዲት ወግ ያጣል?

«አሁን ምን ሆነ?» አለ ፊሊጶስ።

«ፈነዳ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ያፈነዱትም አያውቁትም! አንድ ሰውዬ ብቻ ይሮጣል።»

«ሰውየውስ ወዴት ነው የሚሮጠው? ቤት የለውም እንዴ?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ዳምጠው ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ወጣው።

«አለው እንጂ። እናቱ ትጠብቀዋለች። እንሰቷ ሥር ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች።»

ከዚያ ወዲያ ፍንዳታው ሁሉ ምክንያት አገኘ። ያኛው እሳት መንገዱን ዘጋበት፤ ይኸኛው መርከብ የእናቱን መድኃኒት ይዞ ነደደ። ፉጨቱ ቆመ። መጨረሻ ላይ ሰውየው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ዝም ብሎ ሲያፈጥ፣ ዳምጠው «ደረሰ፤ በሩን አንኳኳ» አለ። ፊሊጶስ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ።

ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ፊልም ነው!» እያለ ወጣ። «እንዴት ያለ ዳምጠው» ያለ አንድም የለም።

«አየህ፣ ጥሩ ፊልም ሲመጣ እንዲህ ነው» አለ ፈይሰል፣ የማይክራፎኑን ገመድ እየጠቀለለ።  ዳምጠው በገዛ ምላሱ ጉድጓዱን ቆፍሮ ወደ ቤቱ ገባ፤ ሌሊቱንም ሲብከነከን አደረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ። ፈይሰል ነው፤ ላብ አጥምቆታል።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ተመልካቾቹ ቤቱን ሊያፈርሱብኝ ነው! ቆርጠህ አስቀረሃት ይሉኛል።»

«ማንን?»

«እናትየዋን! ያንኑ የትናንቱን ፊልም ሁለቴ ወደ ኋላ መልሼ አሳየኋቸው። የለችም!»

«ፊልሙ ራሱ ይናገራላ!» አለ ዳምጠው። አሥራ ስድስት ዓመት የታመቀ ንዴት ነበረበት።

«በአላህ ይዤሃለሁ። ማይክራፎኑ ያንተ ነው፤ ሁልጊዜም ያንተ ነው።»

ሲደርሱ አግዳሚው ጢም ብሏል፤ ስክሪኑ ላይ እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዳምጠው ጉሮሮውን ሲጠርግ ፊሊጶስ ድምፁን ለየው።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«እናትየዋስ?»

ዳምጠው ስክሪኑን አየ። እሳት ብቻ ነው።

«አብረን ነው የመጣነው» አለና ማይክራፎኑን አበራ።