ታጥቦ የመጣ ቅጠል

ባለቤቴ ካረፈ፣ እግሬም ገበያ መዋል ካቃተው በኋላ እግዚአብሔር የሰጠኝ ሥራ የሐር ትል ማርባት ነው። አምቦ ባለችው ቤቴ፣ ከአልጋዬ ማዶ፣ በሰፌድ ላይ አድርጌ የጉሎ ቅጠል አበላቸዋለሁ። ሲያድጉ ነጭ ክር አውጥተው ራሳቸውን ይጠቀልሉበታል፤ እኔ ያንን ቀቅዬ በእንዝርት እፈትላለሁ።

የመጀመሪያው ክሬ ሻካራ ሆነ፣ መልኩም ጠቆረ። የሚገዛኝ ሸማኔ በጣቶቹ አሸት አደረገውና፣ «እናቴ፣ ይሄ ለጆንያ ነው። የሚቀጥለው ካልጠራ ከእንግዲህ አልወስድም» አለኝ። ሌላ ገዢ አልነበረኝም። ትል ማርባት ያሠለጠነችን ልጅ ሰፌዶቹን አይታ፣ «እማማ፣ ዝናብ የነካው ቅጠል በልተው ነው። እርጥበት ያሳምማቸዋል፤ የታመመ ትል ደህና ክር አያወጣም» አለች።

በሁለተኛው ዙር ቅጠሉን ጤዛው ሲደርቅለት ብቻ ሰጠኋቸው። ወፈሩ፣ ነጡ። ክር ሊያወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ያለ ማቋረጥ በሚበሉበት ሰዓት፣ መንገድ ተዘጋ። ከጊንጪ በኩል ቅጠል የሚያመጣልኝ መኪና ቀረ። የግቢዬም ጉሎ ግንዱ ብቻ ቀረ። ትሎቹ አንገታቸውን አንሥተው ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። ወደ እመቤቴ ሥዕል ዞሬ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኩ።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ከስልጤ የመጣችው ባለሱቅ ጎረቤቴ ትልቅ ዘንቢል ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ደግሞ ከአጥሬ ማዶ ያሉት አሮጊት።

«ወላሂ፣ በሰፈሩ ጉሎ የሚባል አልቀረም! አጥሩ ሁሉ ራቁቱን ነው» አለች ባለሱቋ።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?» አሉኝ አሮጊቷ። «ዛሬ ለትልሽ ለቀማ ወጣን። ነገ ደግሞ ለቁንጫሽ ትልኪናለሽ።»

ስቄ ዘንቢሉን ገለጥ አደረግሁ። ቅጠሉ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል።

«አጥበነዋል» አለች ባለሱቋ። «ለሰው ቤት አቧራ ይዘን እንገባለን?»

«እኔ ጠበል ረጨሁበት፤ ይባረክልሽ» አሉ አሮጊቷ።

እኛ ዘንድ ጎመን እንኳ ለጎረቤት ሲሰጥ ታጥቦ ነው። ምን እላለሁ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ሲሄዱ አደርቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ እነሱ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እስቲ ስጫቸው፤ ሲበሉ እንይ!» አለች ባለሱቋ።

አንዱን ቅጠል በነጠላዬ ጫፍ ጠረግ አደረግሁ። ሁለተኛውን ሳነሣ አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ።

«ጠበሉን ነው የምትጠርጊው?»

እጄ ቆመ። ቅጠሉን እንዳለ በላያቸው በተንኩት። ትሎቹ ተራኮቱበት። ሁለቱ ሴቶች እንደ ሕፃን ሳቁ፤ ባለሱቋ፣ «ማሻ አላህ፣ ከእኔ ልጆች ይሻላሉ! ይህን አልወድም አይሉም» አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሄዱ በኋላ የተረፈውን ቅጠል ገመድ ላይ አሰጣሁ። የበሉት ግን በልተዋል። ጥቂት ቆይቶ ብዙዎቹ ለሰለሱ፣ ጠቆሩ። እያነሣሁ ከጓሮ ቀበርኳቸው። ዳር ባለችው ሰፌድ የነበሩት፣ እንግዶቼ ከሄዱ በኋላ የደረቀውን ቅጠል የበሉት ብቻ ክር አወጡ።

ሸማኔው ያንን ክር ወደ ብርሃን አነሣው። «ይሄ ነው! የቀረውስ?»

«ይኸው ነው» አልኩት።

አንዴ እኔን፣ አንዴ በእጁ ያለውን ክር አየ። ከዚያ፣ «እንግዲህ አንድ ነጠላ ጥለት ቢወጣው ነው» አለና ወሰደው። ስለሚቀጥለው አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ስመለስ አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ነበሩ። «ልጆቻችን እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«በጸሎትዎ፣ ክር አወጡ» አልኳቸው።

«አላልኩም!» አሉ፤ ወደ ሰማይም ቀና ብለው አመሰገኑ። እኔም አመሰገንኩ።